ነቅቶ ሰዓቱን የሚያውቅ ላፕቶፕ፦ በሊኑክስ ላይ ሰዓት ስለመጠበቅ፣ ከአርባ ምንጭ የታየ ዳሰሳ

የላፕቶፕ ክዳን ሲዘጋ ማሽኑ ይተኛል፤ ሲከፈት ይነቃል። በመሐል ያለፈውን ጊዜ ከየት አወቀው? መልሱ ከአንዲት የኳርትዝ ቅንጣት ይነሣና በሊኑክስ ከርነል፣ በሰዓት አመሳሳይ ፕሮግራሞችና በኔትወርኩ በኩል አልፎ ሰዓቱን በእጁ ከሚሞላው ሰው ይደርሳል። በጉዳዩ ላይ ብዙ ተጽፏል፤ ጥሩ ጥሩ ነገርም ተጽፏል። አብዛኛው ጽሑፍ ግን ሳይናገር የሚወስደው አንድ ግምት አለ፦ ማሽኑ በነቃ በሰከንዶች ውስጥ ኔትወርክ ያገኛል የሚል። በአርባ ምንጭ ከተማ ሲቀላ ላይ ተዘግቶ በደጋዋ ጨንቻ ላይ ለሚከፈት ላፕቶፕ ይህ ግምት አይሠራም። ከመንቃት እስከ መጀመሪያው የኔትወርክ መልስ ያለው ጊዜ ጥሩ ዋይፋይ ባለበት ቢሮ ጥቂት ሰከንድ ነው፤ በጋሞ ደጋ ወረዳዎች ለመስክ ሥራ የወጣ ሰው ግን ቀኑን ሙሉ ያለ ኔትወርክ ሊውል ይችላል። መመሪያዎቹ ቸል ያሉት ይህን ክፍተት ነው፤ እኔም የምቆይበት እዚያው ላይ ነው።

ክፍተቱ ለምን እንደሚያሳስብ ከአርባ ምንጭ የተሻለ የሚያሳይ ቦታ ማግኘት ያስቸግራል። አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ መነሻው በ1979 ዓ.ም. የተቋቋመው የውኃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ከሆነ በ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ሙያዎቹ ቢበዙም የውኃ ጥናት ዛሬም መታወቂያው ነው። የአባያና የጫሞ ተፋሰስ ወንዞች፣ ኩልፎና ሐሬ ጭምር፣ የተማሪዎችና የተመራማሪዎች መስክ ናቸው። የወንዝን ከፍታ የሚመዘግቡ ብዙ ዳታ ሎገሮች ደግሞ የራሳቸውን ሰዓት የሚሞሉት ሥራ ሲጀምሩ ከተሰካባቸው ላፕቶፕ ነው። ላፕቶፑ ቦርሳ ውስጥ ተኝቶ መጥቶ፣ ወንዙ ዳር ተከፍቶ፣ ገመዱ ሲሰካ ያለው ሰዓት ትክክል ቢሆንም ባይሆንም ወደ ሎገሩ ይገባል። ሎገሩም በዚያው ሰዓት ለወራት ይመዘግባል። የላይኛውና የታችኛው ጣቢያ ሎገሮች በሁለት ላፕቶፕ ተሞልተው አንዱ 10 ደቂቃ ቢዘገይ፣ ጎርፉ ከላይ ወደ ታች ለመድረስ 40 ደቂቃ በሚወስድበት ወንዝ ላይ የጉዞው ጊዜ ስህተት አንድ አራተኛ ይሆናል። በኋላ ቢሮ ገብቶ ኢንተርኔት ሲገኝ ላፕቶፑ ይታረማል፤ መረጃው ግን አይታረምም። እንዲያውም የላፕቶፑ መታረም የስህተቱን ምልክት ያጠፋል።

የከተማውም ሥራ ከዚህ ነፃ አይደለም። ሰዓቱ ወደ ኋላ የቀረ ማሽን ኡቡንቱን ለማዘመን ሲሞክር የጥቅል ዝርዝሩ ገና ዋጋ ያለው አልሆነም ተብሎ ይመለሳል። የድረ ገጾች የደኅንነት የምስክር ወረቀቶች መጀመሪያና መጨረሻ ቀን ስላላቸው ቀኑ የተዛባ ማሽን ባንኩንም ኢሜይሉንም አይከፍትም። በየ30 ሰከንዱ የሚለዋወጠው የማረጋገጫ ቁጥር ተቀባይነት አያገኝም። ፕሮግራም የሚጽፍ ተማሪ ፋይሎቹ ከወደፊት ጊዜ የመጡ ናቸው የሚል ማስጠንቀቂያ ያነባል። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የዩኒቨርሲቲ መውጫ ፈተና በኮምፒውተር መሰጠቱን ሲያስቡት፣ ቤተ ሙከራ ውስጥ ያለ የአንድ ማሽን ሰዓት የአይቲ ክፍሉ ብቻ ጉዳይ እንዳልሆነ ይታያል።

በእንቅልፍ ውስጥ ምን ይሆናል?

ላፕቶፕ ውስጥ ሁለት ሰዓት አለ። አንዱ ከርነሉ ራሱ የሚይዘው የሲስተም ሰዓት ነው፤ ማሽኑ ንቁ ሳለ በፕሮሰሰሩ ቆጣሪ ይሄዳል፣ በጣም ረቂቅ ነው። ሁለተኛው ማዘርቦርዱ ላይ በትንሽ ኃይል የሚኖረው የሃርድዌር ሰዓት ነው፤ ባዮስ ውስጥ የምናየው እሱን ነው። ማሽኑ ሲተኛ የመጀመሪያው ይቆማል፣ ሁለተኛው ይቀጥላል። በአብዛኞቹ ላፕቶፖች ላይ ሊኑክስ ሊተኛ ሲል የሃርድዌሩን ሰዓት ያነባል፣ ሲነቃም እንደገና ያነባል፣ ልዩነቱን በሲስተም ሰዓቱ ላይ ይደምራል። ክዳን ተዘግቶ ለሚያልፍ ሌሊት ምስክሩ ይህ አንድ ሰዓት ብቻ ነው።

የሃርድዌር ሰዓቱ የሚነበበው በሙሉ ሰከንድ ነው፤ ከሰከንድ በታች ያለውን አይናገርም። ስለዚህ እያንዳንዱ እንቅልፍ እስከ አንድ ሰከንድ የሚጠጋ ስህተት ሊያስገባ ይችላል፤ በቀን ደጋግሞ ክዳን የሚዘጋ ሰው ላይ ደግሞ ይህ በተጠራቀመ ነበር። የከርነሉ ጸሐፊዎች ይህን አስቀድመው አስበውበታል። በሁለቱ ሰዓቶች መካከል ያለው ልዩነት ከእንቅልፍ እንቅልፍ ሳይለዋወጥ እንዲቆይ የሚያካክስ ስሌት አስገብተዋል። «ላፕቶፔን ቶሎ ቶሎ ስለማስተኛው ነው ሰዓቱ የሚዛባው» የሚለው ጥርጣሬ በዛሬ ከርነል ላይ ብዙም መሠረት የለውም።

ለፕሮግራም ጸሐፊዎች አንድ ነገር ልጨምር። ሊኑክስ ያለፈን ጊዜ የሚለኩ ሁለት ቆጣሪዎች ያቀርባል፤ አንዱ የእንቅልፍን ጊዜ አይቆጥርም፣ በ2011 እ.ኤ.አ. ከከርነል 2.6.39 ጋር የመጣው ሌላው ግን ይቆጥራል። በ2018 እ.ኤ.አ. ለከርነል 4.17 ዝግጅት ሲደረግ ሁለቱን አንድ ለማድረግ ተሞክሮ ነበር። ብዙ ፕሮግራም የመጀመሪያው ቆጣሪ በእንቅልፍ ጊዜ እንደሚቆም ተማምኖ የተጻፈ ስለነበር ችግር ፈጠረ፣ ለውጡም ከርነሉ ከመውጣቱ በፊት ተሰረዘ። በየ10 ደቂቃው ከመሣሪያ መረጃ የሚሰበስብ ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው የትኛውን እንደመረጠ ማወቅ አለበት፤ የመጀመሪያውን ከመረጠ ሌሊቱን ሙሉ የተኛ ማሽን ጠዋት ሲነቃ ምንም ጊዜ እንዳላለፈ ይቆጥራል።

ኳርትዙና ሙቀቱ

የሃርድዌር ሰዓቱን የምትነዳው የኳርትዝ ቅንጣት በሰከንድ 32,768 ጊዜ ትርገበገባለች። ቁጥሩ የሁለት 15ኛ ርቢ ነው፤ 15 ጊዜ ለሁለት ሲካፈል አንድ ሰከንድ ይወጣል። የተለመደው የጥራት ደረጃ በሚሊዮን 20 ገደማ የሚደርስ መዛነፍን ይፈቅዳል፤ ያም በቀን 1.7 ሰከንድ፣ በወር 50 ሰከንድ ያህል ማለት ነው።

የሙቀት ጉዳይ ሲጨመርበት ነገሩ የጋሞን ቆላና ደጋ ይመለከታል። ይህ ዓይነቱ ኳርትዝ ከሁሉ ይበልጥ የሚፈጥነው በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው፤ ከዚያ ቢሞቅም ቢቀዘቅዝም ይዘገያል፣ መዘግየቱም በሙቀት ልዩነቱ ካሬ ያድጋል። አርባ ምንጭ ከባሕር ወለል በላይ 1,285 ሜትር አካባቢ ላይ የተቀመጠች ቆላ ናት፤ ከ40 ኪሎ ሜትር ባነሰ መንገድ ወደ ላይ ያለችው ጨንቻ ግን ብርዷ ጋቢ ያስደርባል። ላፕቶፑ ሲሠራ የራሱ ሙቀት ቅንጣቷን ያሞቃታል፤ ሲተኛ ግን የክፍሉን ሙቀት ትወስዳለች። ቅንጣቷ ብቻዋን ኃላፊነት በምትወስድበት ሰዓት ለአየሩ ትጋለጣለች ማለት ነው። በ10 ዲግሪ ሌሊት ያደረች ቅንጣት ከ25 ዲግሪው በሚሊዮን 8 ገደማ ትዘገያለች፤ በ40 ዲግሪ ተዘግቶ በቆመ መኪና ውስጥ የቀረችውም ያንኑ ያህል። ለአንድ ሙሉ ቀን ሲሰላ ወደ 0.7 ሰከንድ ነው።

ይህን ሁሉ ያሰላሁት ወደ አንድ ፍርድ ለመድረስ ነው፦ ጤናማ የሃርድዌር ሰዓት ለአንድ ሌሊት እንቅልፍ ይበቃል። ሰዓቱ በደቂቃ ወይም በሰዓት የተሳሳተ ላፕቶፕ ሲያጋጥም ኳርትዙን መውቀስ አይገባም። ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተቋርጦ የሞባይል ዳታው ሦስት ሳምንት ገደማ በጠፋ ጊዜ እንኳ፣ ሰዓት የሚጠይቅበት ያጣ ላፕቶፕ በኳርትዙ ብቻ የሚስተው ወደ 40 ሰከንድ ነው። ከዚያ በላይ የሆነ ስህተት ሌላ ምክንያት አለው።

ዋናው ተጠርጣሪ ባትሪው ነው። ብዙ የቆዩ ላፕቶፖች ዋናው ባትሪ ሲያልቅ ሰዓቱን የሚያኖር የሳንቲም ቅርጽ ያለው የሲሞስ ባትሪ አላቸው፤ ሲአር2032 የሚባለው፣ 20 ሚሊ ሜትር ስፋትና 3.2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው፣ 3 ቮልት የሚሰጠው። የኋላው ክዳን ሲፈታ በጥቁር ወይም በቢጫ ፕላስቲክ ተጠቅልሎ፣ አንድ ቀይና አንድ ጥቁር ሽቦ ወጥቶለት፣ በትንሽ ሁለት እግር ሶኬት ማዘርቦርዱ ላይ ተሰክቶ ይታያል። ከውጭ ያገለገለ ላፕቶፕ ገዝቶ ዓመታት በሚጠቀም ሰው ማሽን ውስጥ ይህ ባትሪ አብዛኛውን ጊዜ ከፋብሪካ የመጣው ራሱ ነው። ሲደክም ምልክቱ ግልጽ ነው፦ መብራት ጠፍቶ፣ ላፕቶፑ ስሊፕ ላይ ሳለ ዋናው ባትሪ ተሟጥጦ፣ ቻርጅ ሲደረግ ቀኑ ዓመታት ወደ ኋላ ሄዶ ይገኛል። በመልቲሜትር ሲለካ ከ3 ቮልት በደንብ ዝቅ ካለ መቀየር ነው። አዳዲሶቹ ስስ ላፕቶፖች ብዙዎቹ ይህ ባትሪ ጭራሹኑ የላቸውም፤ የሃርድዌር ሰዓቱ ከዋናው ባትሪ ይመገባል፤ ዋናው እስከ መጨረሻው ጠብታ ከደረቀ ሰዓቱም አብሮ ይሄዳል። እንዲህ ላለው ማሽን፣ መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ፣ ለረጅም ጉዞ ስሊፕ ከማድረግ ማጥፋት ይሻላል።

በብዙ የሊኑክስ ስርጭቶች ላይ የማሽኑን አገልግሎቶች የሚያስነሣው ሲስተምዲ ለዚህ አደጋ አንድ መልካም ጥበቃ አለው። ታይምሲንክዲ የተባለው ክፍሉ መጨረሻ ያወቀውን ጊዜ በፋይል ላይ ያኖራል፤ ማሽኑ ሲነሣ የሃርድዌር ሰዓቱ ከዚያ በታች ከሆነ ወደዚያ ከፍ ያደርገዋል። ሰዓቱ ይዘገያል እንጂ ዓመታት ወደ ኋላ አይወድቅም። ይህ የምስክር ወረቀት ችግርን ያቃልላል፤ ወንዝ ዳር ላለ ሎገር ግን አይበቃም። ጥቂት ሰዓት የዘገየ ሰዓት ደግሞ ዓመታት ከዘገየው ይልቅ ለማስተዋል ይከብዳል።

አመሳሳዮቹ

ኢንተርኔት ላይ ሰዓት የሚመሳሰልበት ኤንቲፒ የዴላዌር ዩኒቨርሲቲው ዴቪድ ሚልስ ሥራ ነው፤ የመጀመሪያው ሰነዱ በ1985 እ.ኤ.አ. ወጣ፣ ሚልስም በጥር 2024 እ.ኤ.አ. አረፉ። ደንበኛው ጥያቄ የላከበትንና መልስ የተቀበለበትን፣ ሰርቨሩ ደግሞ የተቀበለበትንና የመለሰበትን ጊዜ መዝግበው ከአራቱ ልዩነቱን ያሰላሉ። መንገዱ ሲሄድና ሲመለስ እኩል እንደሚፈጅ ይታሰባል፤ ካልፈጀ ስህተቱ ቢበዛ የደርሶ መልሱን ግማሽ ያህል ነው። 300 ሚሊሰከንድ በሚፈጅ የሞባይል ዳታ ላይ ስህተቱ ከ150 ሚሊሰከንድ አያልፍም ማለት ነው። ለላፕቶፕ ይህ ከበቂ በላይ ስለሆነ በኔትወርኩ ዝግታ የሚያማርሩት ምክንያት የላቸውም።

ከእንቅልፍ በኋላ የሚታየው ልዩነት ፕሮግራሞቹ የተገኘውን ስህተት እንዴት እንደሚያርሙ ላይ ነው። ሁለት መንገድ አለ፦ ሰዓቱን በአንድ ጊዜ ማዝለል፣ ወይም ፍጥነቱን ጥቂት ለውጦ ቀስ በቀስ ማድረስ። መዝለል ፈጣን ነው፤ ሰዓት ወደ ኋላ ሲዘል ግን አንዳንድ ፕሮግራም ይደናገራል። ቀስታው ጨዋ ነው፣ ጊዜ ግን ይወስዳል።

የቀድሞው ኤንቲፒዲ ለሰርቨር የተፈጠረ ነው። በቀስታ ሲያርም በሚሊዮን 500 ብቻ ይሄዳል፤ በዚህ ፍጥነት አንድ ደቂቃ ለማረም ከ33 ሰዓት በላይ ይፈጃል። ስህተቱ ከ1,000 ሰከንድ በላይ ሆኖ ካገኘው ደግሞ በተለመደው ቅንብሩ ሥራውን አቁሞ ይወጣል። ክዳኑ ለሚዘጋና ለሚከፈት ማሽን አይሆንም፤ ዛሬ ላፕቶፕ ላይ የሚጭነው ቢኖር ያረጀ መመሪያ ተከትሎ ነው።

ታይምሲንክዲ በ2014 እ.ኤ.አ. ከሲስተምዲ ጋር መጣ፤ ለዓመታት የኡቡንቱ መነሻ ምርጫ ሆኖ ኖሯል። የሚሠራው ቀላሉን የኤንቲፒ ዓይነት ነው፦ አንድ ሰርቨር ይጠይቃል፣ ስህተቱ ከ0.4 ሰከንድ በላይ ከሆነ ያዘልላል፣ ካነሰ በቀስታ ያርማል። የጥያቄ ሰዓቱን የሚቆጥረው እንቅልፍን ጨምሮ ስለሆነ ከረጅም እንቅልፍ በኋላ ቀጠሮው ማለፉን ያውቃል፤ ኔትወርክ ሲመጣም እንደገና ይጠይቃል። ባለሙያዎች ቀላልነቱን ይነቅፋሉ፤ ብዙ ሰርቨሮችን አያነጻጽርም፣ አንዱ ሰርቨር ቢሳሳት አብሮ ይሳሳታል። ትችቱ እውነት ነው። ግን ለተራ ላፕቶፕ ከእንቅልፍ ሲነቃ የሚያደርገው ነገር ትክክለኛው ነገር ነው።

ሪቻርድ ከርናው የጀመረው፣ ሚሮስላቭ ሊችቫር የሚመራው ክሮኒ ከሦስቱ ብልሁ ነው። ፌዶራ ከቆየ ጀምሮ ይጠቀምበታል፤ ኡቡንቱም ከ25.10 ጀምሮ መነሻ ምርጫው አድርጎታል። የተፈጠረው ኔትወርክ ለሚቆራረጥበት ማሽን ነው፤ የኮምፒውተሩን ሰዓት የመዛነፍ ልክ ይማርና ኔትወርክ በሌለበትም ያካክሳል፤ የሃርድዌር ሰዓቱን ልክ ለይቶ መከታተልም ይችላል። ይህ ሁሉ ለእኛ የተሠራ ይመስላል። ሆኖም በብዙ ስርጭቶች የሚመጣው መነሻ ቅንብር አንድ ጉድለት አለበት፦ ስህተቱ ከአንድ ሰከንድ በላይ ሲሆን እንዲያዘልል የሚፈቀድለት ፕሮግራሙ ከተነሣ በኋላ ባሉት ሦስት የመጀመሪያ ማስተካከያዎች ብቻ ነው። ለወር ሳይጠፋ ክዳኑ ብቻ ሲዘጋና ሲከፈት የኖረ ላፕቶፕ ሦስቱን የጨረሰው በመጀመሪያው ቀን ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ስህተት ሁሉ በቀስታ ያርማል። የክሮኒ ቀስታ ፈጣን ነው፤ ቢበዛ በየ12 ሰከንዱ አንድ ሰከንድ ያርማል። አንድ ደቂቃ በ12 ደቂቃ ያልቃል። የሦስት ሰዓት ስህተት ግን 36 ሰዓት ይወስዳል፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ ሰዓቱ የተሳሳተ ብቻ ሳይሆን ፍጥነቱም የተሳሳተ ነው።

የሚለወጠው አንድ ቁጥር ነው፦ በቅንብር ፋይሉ ሜክስቴፕ በሚለው መስመር ላይ 3 የሚለው በ-1 ሲተካ ገደቡ ይነሣል። ሰርቨር ላይ ይህን አልመክርም፤ ላፕቶፕ ላይ ግን ያለማመንታት። የክሮኒ መመሪያ እንቅልፍን በራሱ የመለየት ችሎታው ሙሉ በሙሉ አስተማማኝ እንዳልሆነ በግልጽ ይናገራል፤ ለዚህም የቆዩ ልኬቶችን የሚያስጥል ትእዛዝ ያቀርባል። ሲስተምዲ ማሽኑ ሲነቃ የሚያስኬዳቸው ትንንሽ ስክሪፕቶች የሚቀመጡበት ቦታ አለው፤ ያን ትእዛዝ እዚያ ማኖር ሁለት መስመር ብቻ ይጠይቃል። በዚህ ላይ የተስተካከለው ሰዓት ወደ ሃርድዌሩ እንዲጻፍ የሚያዝዘው መስመር መኖሩን ማረጋገጥ ነው፤ እሱ ሲኖር ከርነሉ በየ11 ደቂቃው የሃርድዌር ሰዓቱን ያድሳል። ወደ መስክ ከመሄድ በፊት ግማሽ ሰዓት ኔትወርክ ላይ መቆየት ማለት የሃርድዌር ሰዓቱን ሞልቶ መሄድ ማለት ነው።

ሦስት ሰዓት፣ ስድስት ሰዓት፣ ሰባት ዓመት

ከኳርትዝም ከፕሮግራምም የማይመጡ፣ የእኛው የሆኑ ሦስት ስህተቶች አሉ።

የመጀመሪያው ዊንዶውስና ሊኑክስ አብረው የተጫኑበት ላፕቶፕ ነው፤ ተማሪ ዘንድ በብዛት የሚገኘውም ይህ ነው። ሊኑክስ የሃርድዌሩን ሰዓት የዓለም አቀፉ ሰዓት፣ የዩቲሲ፣ አድርጎ ያነባል፤ ዊንዶውስ የአገር ሰዓት አድርጎ። ኢትዮጵያ ከዩቲሲ ሦስት ሰዓት ትቀድማለች። ሊኑክሱን ሃይበርኔት አድርጎ (ሥራውን ዲስክ ላይ አስቀምጦ ማሽኑን አጥፍቶ) ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ዊንዶውስ የከፈተ ተማሪ፣ ዊንዶውሱ በሃርድዌሩ ላይ 10፡00 ጽፎ ሊሄድ ይችላል። ወደ ሊኑክስ ሲመለስ ያ 10፡00 ዩቲሲ ተብሎ ይነበባል፤ ማያው ላይ 13፡00፣ ሰባት ሰዓት ይሆናል። የእንቅልፉ ርዝመት ሦስት ሰዓት ተጨምሮበት ተቆጠረ። በክሮኒ መነሻ ቅንብር ደግሞ ይህ ነው 36 ሰዓት የሚፈጀው።

የውጭ መመሪያዎች ሊኑክስ ለሃርድዌሩ የአገር ሰዓት እንዳይጠቀም አጥብቀው ያስጠነቅቃሉ። ዋናው ምክንያታቸው በዓመት ሁለት ጊዜ የሚለዋወጠው የበጋና የክረምት ሰዓት ነው፤ ሁለቱ ሲስተሞች ሁለቱም አንድ አንድ ሰዓት ሲጨምሩ ይፋለሳል። ኢትዮጵያ ውስጥ ይህ የለም። በሰዓት ቀጠናዎች የመረጃ ቋት እንደተመዘገበው ጣሊያን አዲስ አበባ እስከገባበት እስከ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ድረስ ልዩነታችን 2 ሰዓት ከ35 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ሦስት ሰዓት ነው። ስለዚህ ማስጠንቀቂያው ለእኛ ከሚመስለው ይልቅ ደካማ ነው። ቢሆንም እኔ የምመርጠው ዊንዶውስን ዩቲሲ እንዲያነብ ማድረግን ነው፤ በሬጂስትሪው ውስጥ አንድ ዋጋ መጨመር ይበቃል። ያን የማይችል፣ ለምሳሌ ማሽኑ የመሥሪያ ቤት ከሆነ፣ ሊኑክሱን ወደ አገር ሰዓት ቢያዞር በኢትዮጵያ ምድር የሚደርስበት ጉዳት ትንሽ ነው። ዋናው ሁለቱ ሲስተሞች መስማማታቸው ነው።

ሁለተኛው የስድስት ሰዓቱ ነው። ከንጋት በሚጀምረው በራሳችን ሰዓት መኖር ተፈጥሯዊ ስለሆነ የላፕቶፑን ሰዓት በእጁ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ የሚመልስ ሰው አለ። አመሳሳዩ መልሶ ያርመዋል፤ ሰውየው «ያበላሽብኛል» ብሎ አመሳሳዩን ያጠፋዋል። ከዚያ በኋላ ማሽኑ የሚያርመው የለም። ፍላጎቱ ተገቢ ነው፤ መንገዱ ግን የማሽኑን እውነተኛ ሰዓት ይጎዳል። ማያው ላይ የሚታየውን ብቻ መለወጥ ይቻላል፦ ከዩቲሲ ሦስት ሰዓት የምትዘገይ ቀጠና፣ ለምሳሌ ቦነስ አይረስ፣ ተመርጣ በ12 ሰዓት አቆጣጠር ስትታይ የምታሳየው በትክክል የእኛን ሰዓት ነው። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ አንድ ትላለች፤ ቀኑም የሚለወጠው በንጋት 12 ሰዓት ላይ ነው። በውስጥ ያለው ዩቲሲ አይነካም፣ አመሳሳዩም በሰላም ይሠራል። የቀጠሮና የካሌንደር ፕሮግራሞችን ግን ያሳስታል፣ ፋይሎችም በዚያው ቀጠና ሰዓት ይታያሉ፤ ስለዚህ ለግል ማሽን እንጂ መረጃ ለሚሰበሰብበት ላፕቶፕ አይሆንም።

ሦስተኛው ባትሪው ሞቶ ባዮስ ዓመት ሲጠይቅ የእኛን ዓመተ ምሕረት መሙላት ነው። ማሽኑ በአንድ ጊዜ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይሄዳል፤ የድረ ገጽ የምስክር ወረቀቶች በሙሉ ገና አልጀመሩም። ታይምሲንክዲ ያኖረው ፋይል ከሌለ፣ ሲስተምዲ ራሱ ከተሠራበት ቀን በታች የሆነን ሰዓት ስለማይቀበል ወደዚያ ቀን ያመጣዋል፤ ተጠቃሚው እሱ ያልሞላውን፣ ዛሬም ያልሆነውን ቀን አይቶ ግራ ይጋባል። የአዲሱ የኡቡንቱ መነሻ ምርጫ እዚህ ላይ አንድ ጉዳይ ያመጣል። ኡቡንቱ ከክሮኒ ጋር የሚጠቀምበት፣ በ2020 እ.ኤ.አ. የጸደቀውና ኤንቲኤስ የተባለው በምስጠራ የሚረጋገጥ አመሳሰል ራሱ የምስክር ወረቀት ይመረምራል፤ ሰዓቱ በዓመታት ከተሳሳተ ሰዓቱን ከሚያርመው ሰርቨር ጋር መነጋገር አይችልም። ክሮኒ ለመጀመሪያው ማስተካከያ ብቻ የወረቀቱን ቀን እንዳይመረምር የሚያደርግ ቅንብር አለው፤ ባትሪው በሞተ ማሽን ላይ መኖሩን ማየት ያስፈልጋል።

ሰዓት ከየት ይምጣ?

ብዙ የተቋም ኔትወርኮች ኤንቲፒ የሚያልፍበትን የ123 ቁጥር ዩዲፒ በር ይዘጋሉ፤ ኤንቲኤስ ደግሞ ለመግባቢያው ሌላ በር፣ 4460ን፣ ይፈልጋል። ድረ ገጽ ይከፈታል፣ ሰዓት ግን አይመጣም፤ ተጠቃሚውም ኔትወርክ ስላለው አይጠረጥርም። ድረ ገጾች ከመልሳቸው ጋር ከሚልኩት ቀን ሰዓት የሚወስድ ኤችቲፒዴት የተባለ ፕሮግራም አለ፤ ከሰከንድ የተሻለ ብዙ አይጠበቅበትም፣ ለተዘጋ በር ግን ማምለጫ ነው። የተሻለው መፍትሔ ግቢው ውስጥ አንድ የሰዓት ሰርቨር ማቆም ነው። ክሮኒ ያለበት አንድ አሮጌ ኮምፒውተርና በጣሪያ ላይ የተቀመጠ የጂፒኤስ መቀበያ ይበቃል፤ ኢንተርኔት ቢቋረጥም የዋናው ግቢ፣ የአባያ፣ የጫሞ፣ የኩልፎና የነጭ ሳር ካምፓሶች በውስጥ መስመር እስከተገናኙ ድረስ አንድ ሰዓት ይኖራቸዋል። ወጪው ትንሽ ነው፤ ጥቅሙ ደግሞ ከላፕቶፕ አልፎ እስከ ፈተና ክፍል ይደርሳል።

ለመስክም የሚሻለው ጂፒኤስ ነው። በዩኤስቢ የሚሰካ ተራ መቀበያ ያለ ምንም ኔትወርክ፣ ዲታም ይሁን ቦንኬ፣ ሰማይ እስከታየ ድረስ ሰዓት ይሰጣል። በዩኤስቢ የሚመጣው መልእክት ከሰከንድ በታች በሆነ መጠን ይዘገያል፤ ለወንዝ ከፍታ ይህ ምንም አይደለም። አንድ ጥንቃቄ አለ፦ የጂፒኤስ የሳምንት ቆጣሪ በየ1,024 ሳምንቱ ወደ ዜሮ ይመለሳል፤ መጨረሻ የተመለሰው በሚያዝያ 2019 እ.ኤ.አ. ነው። አሮጌ መቀበያ 20 ዓመት ሊጠጋ በሚችል ስህተት ቀን ሊሰጥ ስለሚችል ከመውጣት በፊት ቀኑን ማየት ይገባል።

መቀበያ የሌለው ሰው ወንዝ ዳር ደርሶ የላፕቶፑን ሰዓት ቢጠራጠር ምን ያድርግ? ስልኩ ላይ የጂፒኤስ ሰዓት የሚያሳይ መተግበሪያ አስቀድሞ ጭኖ ይሂድ። ሎገር ለማንበብ የሄደ ሰው ግን መረጃው እስኪወርድ ድረስ የላፕቶፑን ሰዓት በእጁ ለማስተካከል አይቸኩል። በመስክ ደብተሩ ላይ ሦስት ነገር በአንድ መስመር ይጻፍ፦ የጂፒኤሱን ሰዓት፣ በዚያው ቅጽበት ላፕቶፑ ያሳየውን፣ ሎገሩም ያሳየውን፤ ከጎኑ ቀጠናው የአገር ሰዓት ይሁን ዩቲሲ፣ ዘመኑም የእኛ ይሁን የአውሮፓ። ሎገሩ እንደገና ከተሞላ በኋላም ሦስቱን ደግሞ ይጻፍ። ያ መስመር ካለ ሎገሩ ስንት ደቂቃ ቢሳሳትም ተማሪው ቢሮ ሲመለስ መዝገቡን በስሌት ያቃናዋል፤ ከሌለ ግን የትኛውም አመሳሳይ ያለፈውን ወር መልሶ አያርምለትም።